«እንደውልልሃለን» የማይባልበት ቦታ፦ ኮምቦልቻ ላይ ለክለብ ሙከራ የሚያዘጋጀው ስልጠና

መጀመሪያ መልሱን ልስጣችሁ፤ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ እሱን ብቻ ነውና። ኮምቦልቻ ያለው የእግር ኳስ ስልጠና ገንዘቡን ያወጣል ወይ? ያወጣል። ልጁን ክለብ ያስገባዋል ወይ? እሱን እንኳን እነሱ ማንም ቃል ሊገባላችሁ አይችልም። አስገባዋለሁ ብሎ ብር የሚጠይቃችሁ ካለ ስልኩን ዝጉበት። በዚህ በኩል የተቃጠልንበት ታሪክ አለን፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

የቦታውን ስም አልጠራም። ከምስጋናው ጋር ወቀሳም አለኝ፣ ደግሞ ስም ከጠራሁ «ስንት ከፍለውሽ ነው?» የሚል አይጠፋም። ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ታኬታውን ትከሻው ላይ ያንጠለጠለ ልጅ ካገኛችሁ ጠይቁት፣ ያደርሳችኋል።

ነገሩ ክለብ የሌላቸውን ልጆች ክረምት ላይ ሰብስቦ ለሙከራ የሚያዘጋጅ የግል ስልጠና ነው። ከ17 እስከ 22 ዓመት ያሉ ናቸው። አንዳንዱ በታዳጊዎች ስልጠና ፕሮጀክት ያደገ ነው፣ አንዳንዱ አንደኛ ሊግ (ስሙ እንጂ ከፕሪሚየር ሊጉና ከከፍተኛ ሊግ በታች ነው) ገብቶ የተመለሰ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ከሰፈር ጨዋታ ሌላ ሜዳ ረግጦ አያውቅም። ክለቦች ለአዲሱ ዓመት ቡድን መሥራት ከመጀመራቸው በፊት፣ ከሐምሌ ጀምሮ፣ ጠዋት ጠዋት ልምምድ አለ፤ ቅዳሜ ጨዋታ። አሰልጣኞቹ ሦስት ነበሩ። ዋናው ድሮ ክለብ የተጫወተ፣ ጉልበቱን ተጎድቶ ያቆመ ሰው ነው፣ ሁሉም «ኮች» ነው የሚለው። አንዱ የአካል ብቃት፣ አንዱ የበረኛ። በወር ሁለት ሺህ ብር ገደማ ትከፍላላችሁ። ማደሪያ ከፈለጋችሁ ሌላ ሒሳብ ነው።

እኔ የማውቀው በታናሽ ወንድሜ ነው። የቀኝ መስመር ተከላካይ ነው፣ እግሩ ፈጣን፣ አፉ ደግሞ ከእግሩ የፈጠነ። እኔ ደሴ ፒያሳ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ ከፋይዋም እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ይሄን የምጽፈው ኳስ አዋቂ ሆኜ ሳይሆን ብሬ የት እንደገባ ማወቅ የምፈልግ ሰው ሆኜ ነው።

ሙከራ የሚባለውን ነገር ለማታውቁት ላስረዳ። አንድ ክለብ «ተጫዋች እናያለን» ይላል፣ ወይም አለ ተብሎ ይወራል። ልጁ ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ይጓዛል፣ ከዚያም እንደ ክለቡ ወደ አዳማ ወይ ወደ ሐዋሳ ይቀጥላል። አልጋ ይይዛል። ጠዋት ሜዳ ሲደርስ እንደሱ ያለ ልጅ ሜዳውን ሞልቶታል። ከማያውቃቸው አሥር ልጆች ጋር አንድ ቡድን ይደረግና ሃያ ደቂቃ ይጫወታል። ሃያ ደቂቃ! ኳሷ በሱ በኩል ሳታልፍ ሊያልቅ ይችላል፤ ሁሉም ራሱን ሊያሳይ ስለመጣ ደግሞ ማንም ለማንም አያቀብልም፣ በተለይ ለተከላካይ። አሰልጣኙ ግማሹን ጊዜ ስልክ ያወራል። ሲያልቅ «ስልክህን ጻፍ፣ እንደውልልሃለን»።

አይደወልም። እንደማይደወል ግን የሚነግርህ የለም። ልጆቹን የሚጎዳቸው ይሄ ነው እንጂ መውደቁ አይደለም። ወንድሜ አንዱን መስከረም ሙሉ ስልኩን ትራሱ ሥር አድርጎ ነበር የሚያድረው፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ይዟት ወደ ውጭ ይሮጣል። ሥራ ፈልግ ስለው «ቢደውሉስ እትዬ?» ይለኛል። እማ ደግሞ ቡና ባፈላች ቁጥር ዱዓ ታደርጋለች፣ ለሱ ሳይሆን ለስልኩ።

ዳላስ ያለው የአክስቴ ልጅ ይሄን ስነግረው የአሜሪካኖቹን፣ ያንን በእጅ የሚያዘውን ኳስ፣ አሠራር አወራኝ። እዚያ 32 ቡድኖች አሉ። በዓመት አንዴ ሰባት ዙር ሙሉ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ልጆችን በተራ ይመርጣሉ፣ በጠቅላላው 250 ምናምን ልጅ። ያልተመረጠው ያልቅለታል ብዬ ነበር፣ እንደዛ አይደለም። ምርጫው እንዳበቃ ቡድኖቹ ላልተመረጡት መደወል ይጀምራሉ፣ በርካሽ ውል ወደ ልምምድ ካምፕ ይወስዷቸዋል። ካምፑ እስከ 90 ተጫዋች ይይዛል። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ በነሱ ኦገስት መጨረሻ ማለት ነው፣ 53 ብቻ ይቀራሉ። ከተቀነሱት ጥቂቱ ደግሞ በልምምድ ቡድን ይያዛሉ፣ ደመወዝ እየተከፈላቸው፤ ሌላው ሻንጣውን ይይዛል። ጨካኝ ነው። ግን ቀን አለው! ማክሰኞ ዕለት ወይ ገብተሃል ወይ ወጥተሃል። ረቡዕ ምን እንደምትሠራ ታውቃለህ።

የአክስቴ ልጅ ከርት ዋርነር የሚባል ሰውም ነገረኝ። በ1994 (የፈረንጆቹ) ማንም ሳይመርጠው ቀረ፣ ግሪን ቤይ ፓከርስ የሚባል ቡድን ካምፕ አስገባውና መልሶ አሰናበተው፣ ከዚያ ሱፐርማርኬት ውስጥ ማታ ማታ ዕቃ ይደረድር ነበር። በ2000 ጥር ላይ ሴንት ሉዊስ ራምስ የሚባለውን ቡድን ይዞ የሊጉን የዋንጫ ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውልን፣ አሸነፈ፣ የጨዋታውም ኮከብ ተባለ። ደስ ይላል። ግን እንዲህ ያለውን ታሪክ ወንድሜ ፊት እንዳያወራ ነው የለመንኩት፣ ምክንያቱም ወንድሜ ከዚህ ሁሉ የሚይዘው ሱፐር ቦውሉን ብቻ ነው፣ ያቺን ዕቃ የመደርደሯን ዓመት አይደለም።

እንግዲህ የኮምቦልቻው ስልጠና የሚሸጠው ዋናው ነገር ይሄው ነው፣ ቁርጥ ያለ መልስ። ለእያንዳንዱ ልጅ በየጊዜው አንድ ገጽ ወረቀት ይጽፋሉ። በእጅ ጽሑፍ። ምን እንደሚችል፣ ምን እንደሚጎድለው፣ እና ታች ላይ «የት ይሞክር» የሚል መስመር አለ። እሷ መስመር ናት ብሬን ያወጣችው። ለአንዱ «ከፍተኛ ሊግ» ይጻፋል፣ ለአንዱ «አንደኛ ሊግ፣ ዘንድሮ»፣ ለአንዱ «አንድ ክረምት ይቀረዋል»። ለአንዳንዱ ደግሞ «ኳሱን ለቅዳሜ ያድርገው» ተብሎ ይጻፋል፣ ለመዝናኛ እንጂ ለክለብ አይሆንም ማለት ነው። እንደዛ የተባለ አንድ የሐይቅ ልጅ ወረቀቱን እዚያው ቀዶት ሄደ፣ ሌላ የሐርቡ ልጅ ደግሞ አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ተገላገልኩ አለ። ኮች ሁለቱንም ተከትሎ አልሮጠም። ደስ ያለኝ ነገር ነው፣ የተቆጣ ልጅ እንዳይሄድበት ብሎ ቃሉን የሚያለዝብ ሰው ቢሆን ኖሮ በወር ሁለት ሺህ ብር እየተቀበለ አሥር ዓመት ሊያቆየው ይችል ነበር።

የወንድሜ የመጀመሪያ ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ፍጥነት ጥሩ። ግራ እግር የለውም። ኳስ ሲቀማ ሁለት ሰከንድ ያዝናል፣ በሁለት ሰከንድ ውስጥ የክንፍ አጥቂው አልፎታል።» ወላሂ ሃያ ዓመት ያሳደግነው ልጅ ነው፣ እንዲህ አድርጎ የገለጸው ሰው አላየሁም። ቤትም እንደዛው ነው። እማ ወረቀቱን አስነብባ ስትጨርስ «ኧረ ይሄ ሰውዬ ያውቀዋል» አለች።

እማ ጋ ኮች መጥቶ ነበር። አንድ ቀን ደሴ ጉዳይ ነበረውና ቤት ገባ፣ አቦል እስኪወርድ ስለ ልጁ አንድም ቃል አልተናገረም። ቶናው ላይ ነው የጀመረው።

«እናቴ፣ ልጅዎ ሊገባም ላይገባም ይችላል። እስከ ጥቅምት ካልሆነ ግን ሥራ ይያዝ፣ ልምምዱን ማታ ያድርግ።»

«አንተስ ልጄ፣ ካልገባ ብሩን ትመልሳለህ?» አለችው።

«አልመልስም እናቴ።»

«እሺ፣ ውሸታም አይደለህም» ብላ በረካውን ቀዳችለት።

ስለ ልምምዱ ትንሽ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ጆሯችሁ ይነግራችኋል። የደሴ ልጅ ሳንባ አለው፣ ጦሳ ተራራ ላይ ሮጦ ያደገ ነው፣ ግን ሙቀት አይችልም። ፕሪሚየር ሊጉ ደግሞ ከ2013 ወዲህ በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰበ ሲካሄድ እንደ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ ባሉ ቦታዎች ነው ውድድሩ፤ ድሬዳዋ ላይ በ1,200 ሜትር ከፍታ በዚያ ሙቀት ዘጠና ደቂቃ ስትሮጥ ደሴ ላይ የለመድከው ትንፋሽ ብቻውን አያድንህም። ስለዚህ አንዳንድ ልምምዱን ሆን ብለው ፀሐይ ሲበረታ ያደርጉታል፣ ውሃ እንዴት እንደሚጠጣም ጭምር ያስተምራሉ። መጀመሪያ ጭካኔ መስሎኝ ነበር።

ሌላው የወደድኩት የማይተዋወቁ ልጆችን ማጫወታቸው ነው። በየቅዳሜው ቡድኑን ያምሱታል። ለምን ሲባሉ ሙከራ ላይ የሚገጥማችሁ ይሄው ነው ይላሉ። ሃያ ደቂቃ ውስጥ ኳስ ሳትነካ እንዴት እንደምትታይ ያስተምራሉ፣ ድምፅ አውጥቶ መጥራት፣ ከኋላ ያለውን ማስተካከል፣ ኳስ ስትጠፋ መጀመሪያ መመለስ። ወንድሜ በተፈጥሮው ወሬኛ ስለሆነ እዚህ ላይ አንደኛ ወጥቷል።

ወረቀት ላይ ጥብቅ ናቸው። የልደት ካርድ፣ ክለብ የነበረው ልጅ መልቀቂያ፣ ሁሉም ካልተሟላ አይመዘግቡም። አንድ አባት 19 ዓመት የሞላውን ልጁን «17 በሉት» ብሎ ሲከራከር ሰምቻለሁ። መለሱት። ከሥነ ምግባሩ ባሻገር ዘዴውም አይሠራም፤ ፊፋ ከ2009 የፈረንጆቹ ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ያያል፣ የእድገት አጥንቱ ገጥሞ ካለቀ ልጁ ታዳጊ አይደለም። አባትየው «ወሎ ውስጥ ማን ኤምአርአይ ያነሳዋል» አለ። ኮች «እንግዲያ ከወሎ አይውጣ» አለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሳት አለብኝ። ዛሬ ሃያ ዓመት የሆናቸው የኛ ልጆች ዕድሜያቸው እንደ ሌላው አካባቢ ልጅ አይቆጠርም። በ2012 በኮሮና ሊጉ ተሰረዘ፣ ኳስ ቆመ። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ መጣ። ከ14 እስከ 16 ዓመት፣ ልጅ የሚሠራበት ዕድሜ፣ ግማሹ ቤት ተዘግቶ ግማሹ በስደት አለቀ። የወልድያ ክለብም በ2010 ከፕሪሚየር ሊጉ ከወረደ ወዲህ ያ 25 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ቆሞ፣ ትልቁን ሊግ የሚመኝ የወሎ ልጅ ሻንጣ ይዞ መውጣት አለበት። ክለቦች ግን ሃያ ዓመት ሲያዩ ሃያ ዓመት ነው የሚያዩት። ኮች ይሄን ስለሚያውቅ «አንድ ክረምት ይቀረዋል» የሚለውን ለሃያ ዓመት ልጅም ይጽፋል። ልክ ነው አይደለም፣ እናንተ ፍረዱ። እኔ ልክ ነው እላለሁ።

አሁን ወቀሳው።

ማደሪያው አይሆንም። ከወረባቦ፣ ከኩታበር፣ ከከሚሴ ለሚመጡ ልጆች አንድ ቤት ተከራይተዋል። ፍራሽ መሬት ላይ፣ በአንድ ክፍል ስምንት ልጅ። አንዱ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ነው፣ ጠዋት ተጫውቶ ቀን ሊተኛ ሲል ሰባቱ ሙዚቃ ከፍተው ይጫወታሉ። ምግቡ ሽሮ ነው። ሽሮ እወዳለሁ፣ ግን በቀን ያን ያህል ለሚሮጥ ልጅ ከሰኞ እስከ ሰኞ ሽሮ ብቻ አይበቃም፤ እንቁላል እንኳን ቢጨመር። ይሄን ለኮች ነግሬዋለሁ፣ «ብሩ አይበቃም» አለኝ። እንግዲያ ብሩን ጨምር፣ ወይ ማደሪያውን ተው! ደሴና ኮምቦልቻ ዘመድ ያላችሁ ዘመድ ጋ አሳድሩ። ወንድሜ ከደሴ በሚኒባስ ይመላለሳል፣ ክረምት ላይ ሐረጎ በጉም ሲዘጋ ልምምድ ያረፍድበታል፣ ያረፈደ ደግሞ አይጫወትም፤ ቢሆንም ከዚያ ቤት ይሻላል።

ጉዳት ላይ ዜሮ ናቸው። የሕክምና ሰው የለም። አንድ ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ሲዞር ወጌሻ ጋ ነው የላኩት። ወጌሻ አልንቅም፣ እማ እጇ የተሠራው በወጌሻ ነው፣ ግን ልጁ ተሰብሮ ይሁን ተወልቆ ሳይታወቅ መታሸት የለበትም። በኋላ ሐኪም ቤት ሄዶ ራጅ ተነሳ፣ አልተሰበረም፣ አልሐምዱሊላህ። ያንን ራጅ የከፈለው ግን ቤተሰቡ ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት ይሄን በግልጽ ጠይቁ።

ቪዲዮ እንሠራለን ይላሉ። በስልክ፣ ከዳገቱ ላይ ሆነው ይቀርጹና አራት ደቂቃ ቆርጠው ሙዚቃ ጭነውበት በቴሌግራም ይልካሉ። የማልያው ቁጥር አይነበብም። ወንድሜን ያወቅሁት በአሯሯጡ ነው። ለእማ ቆንጆ ነው፣ ለክለብ ግን ጥቅሙ አይታየኝም፤ ከፈለጋችሁ ሙሉ ጨዋታ ራሳችሁ አስቀርጹ።

ማስታወቂያቸው ላይ ደግሞ «ከክለቦች ጋር ግንኙነት አለን» የሚል አለ። ግንኙነቱ ኮች የጥቂት አሰልጣኞች ስልክ አለው ማለት ነው። ይደውላል፣ «አንድ ልጅ ላኩልኝ» ሲሉት ይልካል፣ ለዚህም ሌላ ብር አይጠይቅም። ጥሩ ነው፣ ግን ማስታወቂያው ከዚህ የበለጠ ነው የሚመስለው። ያቺን መስመር ቢያነሷት ደስ ይለኛል።

የተቃጠልንበት እዚሁ ላይ ነው። ከዚህ ስልጠና በፊት አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰው «ኤጀንት ነኝ፣ ልጁን ፕሪሚየር ሊግ አስፈርመዋለሁ» ብሎ ብር ተቀብሎናል። ሙከራ ብሎ የወሰደው ቦታ የሰፈር ቡድን ልምምድ ነበር። ከዚያ ስልኩ ጠፋ። አሁን የማውቀውን ልንገራችሁ፦ ከ2023 የፈረንጆቹ ጀምሮ የፊፋ ኤጀንት ለመሆን ፈተና ማለፍ ግድ ነው፣ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ስም ዝርዝርም ፊፋ ድረ ገጽ ላይ አለ። ስሙን ፈልጉት። ኤጀንት ደግሞ የሚከፈለው ልጁ ከፈረመ በኋላ ከውሉ ላይ ነው። ሳይፈርም «የመንገድ»፣ «የምዝገባ»፣ «ለአሰልጣኙ ማባበያ» የሚል ካለ ደላላም አይባልም። ስሙን እናንተ አውጡለት።

አንድም ሴት ልጅ የለችም እዚያ። ጠየቅሁ፣ «ብዙ አልመጡም» አሉኝ። ማስታወቂያው ላይ ወንድ ብቻ ከተለጠፈ ማን ይመጣል? ፒያሳ ሱቄ የምትመጣ አንዲት ልጅ አለች፣ ወንድሜን ሁለቴ አታልላ ስታልፈው በዓይኔ አይቻለሁ። የሴቶችም ፕሪሚየር ሊግ አለ እኮ።

ወንድሜ የት ደረሰ ለምትሉ፣ ሁለተኛው ወረቀት «ከፍተኛ ሊግ፣ ይሞክር» ብሎ መጣ። ግራ እግሩ አሁንም ያስቃል፣ ሐዘኑ ግን ወደ አንድ ሰከንድ ወርዷል ብሎ ኮች ጽፎለታል። አንድ ክለብ ሄዶ ሞከረ፣ «እንደውልልሃለን» ተባለ። ያኔ ኮች ራሱ ደወለላቸውና «ወይ አዎ ወይ አይ በሉኝ» አላቸው። አይ አሉ። በዚያው ቀን አወቅን፣ ወንድሜ አንድ ማታ ተኮራርፎ አደረ፣ በነጋታው ሌላ ክለብ ጋ ለመሄድ ብር ጠየቀኝ። አሁን እዚያ ነው፣ ከዋናው በታች ካለው ከተስፋ ቡድናቸው ጋር ልምምድ እየሠራ። አልፈረመም። የጥቅምቱ ቀነ ገደብ ግን እንዳለ ነው፣ እማ ግድግዳው ካሌንደር ላይ በእስክሪብቶ ከባዋለች።

ለመመዝገብ ከፈለጋችሁ ከሰኔ መጨረሻ በፊት ሂዱ፣ ቶሎ ይሞላል። ደረሰኝ ጠይቁ፣ ካልጠየቃችሁ አይሰጡም። ሁለት ካልሲ፣ የቅልጥም መከላከያ፣ የራሳችሁን ውሃ። በረኛ ከሆናችሁ ግን መጀመሪያ ደውላችሁ አጣሩ፤ የበረኛ አሰልጣኙ ሰሞኑን ክለብ አግኝቶ ሄዷል፣ ምትክ አልመጣም።